የእግር ውሃ እቁብ፦ የአነደዱ ሙከራ ምን አሳየን?

እግር መታጠብ ይጠቅማል ወይ ብሎ ለመጠየቅ 696 ሰው መመዝገብ፣ ዕጣ ማውጣት፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ መከታተል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። ውሃና ሳሙና እንደሚጠቅም ለማወቅ ተመራማሪ ያስፈልጋል እንዴ? እናቴም ታውቀዋለች። ኋላ ግን ጽሑፉን ቁጭ ብዬ ሳነበው፣ አክስቴን እያሰብሁ ቁጥሮቹን በጣቴ ስቆጥር፣ ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

ነገሩ የተደረገው ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ ውስጥ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሩቅ አይደለም። በሽታው ሰው ዝሆኔ የሚለው ነው። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ስም ነው። የሙከራው ውጤት በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ካልነገርኋችሁ በቀር የፈረንጅ ናቸው)። አጭር ስሙ ጎልቤት ነው። «ጎ»ው ጎጃም ነው፤ ደስ ይላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሕክምናው ላይ ከተሳሳትሁ የምታውቁ አርሙኝ፤ ፋሻው ላይ ግን አልምራችሁም።

እቴቴ

የአባቴ እህት ናት። እቴቴ እንላታለን። ሙከራው ውስጥ አልነበረችም፣ ቤቷም አነደድ አይደለም። ግን በሽታውን የማውቀው በእሷ እግር ስለሆነ እሷን ትቼ ማውራት አልችልም።

ልጅ ሆኜ ስትራመድ አይቻት አላውቅም ማለት ይቻላል። ሁልጊዜ ቀድማ ደርሳ ተቀምጣ ነው የምናገኛት። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ገና ሳይነጋ ነው፤ ቅጽሩ ጥግ ካለችው ወይራ ሥር ትቀመጣለች፣ ሰው ተበትኖ ሲያልቅ ትነሳለች። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። ሰርግ ቤት አትታይም፤ ድግሱን ግን ከሦስት ቀን በፊት ጀምራ ጓዳ ሆና የምትሠራው እሷ ናት።

የጀመራት ሳታገባ ነው። መጀመሪያ ጣቶቿ መሃል ያሳክካታል። ከዚያ ማታ ማታ የእግሯ ጫፍ ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል። ቀጥሎ ጠዋትም አልጎድል አለ። ቆዳው እየደደረ ሄደ፣ ጣቶቿ ላይ እንደ ድንጋይ ሽበት ያለ ነገር በቀለባቸው። ሁለቱም እግሯ ነው፣ ግራው ይብሳል። ከጉልበቷ በላይ ግን ምንም የላትም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ሰው ምን አለ? የሞተ እባብ ረግጣ ነው። መተት ነው። ዘራቸው ነው። ይሄ የመጨረሻው ደግሞ የእህቶቿን ትዳር ሳይቀር አስቀርቷል። አንድ ጤና ተቋም ስንወስዳት የትል ኪኒን ተሰጣት፤ ትንኝ የሚያመጣው ዝሆኔ መስሏቸው ነው። ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጠች። እግሯ እንደነበረ ነው።

ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው፣ ቢያንስ። አንዱ በትንኝ ንክሻ የሚገባ ቀጭን ትል የሚያመጣው ነው፤ ሞቃት ቆላ ይወዳል፣ አንዳንዴ ከጉልበት በላይ እስከ ብልት ድረስ ይወጣል። ሁለተኛው የእኛው ነው። ደጋና ወይና ደጋ ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ፣ በባዶ እግሩ በሚሄድ ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ከታች ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ትል የለበትም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ታዲያ ምንድን ነው?

አፈር። በቃ አፈር ነው። ለማመን የሚከብደው ግን ይህ ነው፤ ሁላችንም የተራመድንበት፣ አባቶቻችን ያረሱት አፈር። የጮቄ ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ከእሱ የወጣው ድንጋይ በዝናብና በጊዜ ብዛት ሟሙቶ ያ እግር ላይ የሚለጠፈው ቀይ አፈር ሆነ። በውስጡ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። በአንድ ሚሊሜትር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቢደረደሩ ይበቃቸዋል። በተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በተላጠ ቆዳ በኩል ይገባሉ።

ይህን ያገናኘው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠራ ነበር። በ1970ዎቹ እሱና ባልደረቦቹ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የሊምፍ እጢ ወሰዱ (ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው)። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ውስጡ ሲሊከንና አሉሚንየም ያለበት ቅንጣት ተገኘ። አፈር፣ ብሽሽት ውስጥ! ቅንጣቱን የሰውነት ጠራጊ ሕዋሳት ይውጡታል፣ ሊፈጩት ግን አይችሉም። ከዚያ መቆጣት፣ ከዚያ ጠባሳ፤ ከሥጋ ፈሳሽ የሚመልሰው የሊምፍ ቦይ ይጠብና ይደፈናል። መውጫ ያጣ ፈሳሽ እግር ውስጥ ይቀራል።

ጎጃም ላይ ሌላም ጥናት አለ። በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ 51,017 ሰው ታይቶ 3.3 በመቶው ታሞ ተገኘ። ከመቶ ሰው ሦስት ማለት ነው፤ የሰንበቴ ማኅበር ተሰብስቦ ቢቆጠር ከማኅበርተኛው አንድ ሁለቱ እንደማለት። ከዚያ የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም አፈር ተለቅሞ ላቦራቶሪ ገባና በሽታው የሚበዛበት ቦታ ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ ከሚባሉ ማዕድናት መጠን ጋር ተያይዞ ተገኘ። መያያዝ ማለት ግን ወንጀለኛው ተያዘ ማለት አይደለም። ጥርጣሬው ጠበበ ማለት ነው።

«ዘራቸው ነው» ያሉትስ? ግማሽ እውነት ይዘዋል። አንድ እርሻ ላይ ሁለት ወንድማማች በባዶ እግር እያረሱ አድገው አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ምንም አይሆንም። በ2012 ወላይታ ላይ በተሠራ የዘረመል ጥናት፣ ሰውነት የራሱንና ባዕዱን የሚለይበት የዘረመል ክፍል ላይ ልዩነት ተገኝቷል። አንዳንዱ ሰው ለቅንጣቱ የባሰ ይቆጣል ማለት ነው። ነገር ግን ዘሩ ምንም ይሁን ምን አፈሩ ካልገባ በሽታው የለም። ጫማ ያደረገ ልጅ የእናቱን እግር አይወርስም። ይህን የእቴቴን እህቶች ላልጠየቁት ሰዎች የሚነግርልኝ ቢኖር እወድ ነበር፤ አሁን ግን አርጅተዋል።

ሙከራው

ወደ አነደድ። ዝሆኔ የያዘው እግር የሚያሰቃየው በማበጡ ብቻ አይደለም። ድንገት ያገረሻል። እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብሽሽት ንፍፊት ይወጣል፣ ሰውየው ብርድ ብርድ እያለው ይተኛል። በተሰነጠቀው ቆዳ ባክቴሪያ ሲገባ የሚመጣ ነው። እቴቴ «እግሬ ተነሳብኝ» ነው የምትለው። በተነሳባት ቀን ደጅ አትወጣም፣ ውሃ አትቀዳም፣ እንጀራ አትጋግርም። የተመራማሪዎቹ ጥያቄም ይኼው ነበር፤ ያበጠውን እግር ወደ ጥንቱ መመለስ ሳይሆን የሚያገረሽበትን ጊዜ ማሳነስ ይቻላል ወይ?

መድኃኒቱ ደግሞ ቤት ያለ ነገር ነው። እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ፀረ ተሕዋስ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰር፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ።

ይህ እንደሚረዳ ከዚያ በፊት የሚያሳይ መረጃ አልነበረም እንዳይባል ነበረ። ግን «ከመታጠቡ በፊትና በኋላ» ዓይነት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው መቼ ነው? ሲብስበት። የባሰበት ነገር ደግሞ ቢታከምም ባይታከምም ትንሽ ቆይቶ ጋብ ይላል። ሐምሌ ጭቃው ውስጥ መዝግባችሁ ጥር ላይ ብትለኩትስ? ሳሙናው ነው ወይስ በጋው? ማነጻጸሪያ ከሌለ መልስ የለም። ተማሪዎቼ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲቀይሩ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዕጣ። በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ (በእኛ 2007 ላይ) ፈቃደኞች ተመዘገቡ። 350ው ወዲያው እንዲጀምሩ፣ 346ቱ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምሩ ዕጣው ለያቸው። ሁሉም ይደርሰዋል፤ ልዩነቱ መቅደምና መዘግየት ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ እቁብ ነው። ደግሞም ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ ጥናትና ስለ ፈቃድ ምን እንደሚያስብ፣ እንዴት ቢነገረው እንደሚገባው አስቀድመው ጠይቀዋል። ይህ እርምጃ ብዙ ጥናት ላይ ሲዘለል አይቻለሁ። ገበሬው ፎርም ላይ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል፣ ምን እንደፈረመ ግን ማታ ጎረቤቱን ይጠይቃል።

እቁቡን ለእቴቴ አስረዳኋት። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ቡና እየቆላች ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቡናውን አራግፋ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«እቁብ ሲሆንማ የመጨረሻው ሰው ብሩ አይጎድልበትም። እግር ግን ዓመቱን ሙሉ ያማል እኮ፣ ልጄ።»

እውነቷን ነው። መልስ ለመስጠት ሞከርሁ። ያኔ ሙከራው ባይኖር ኖሮ ለ696ቱም የሚደርሰው ነገር አልነበረም አልኋት። የሚጠቅም መሆኑ በቁጥር ካልታየ መንግሥትም ለጋሹም ገንዘብ አይመድብም አልኋት። «እህ» አለች። የእቴቴ «እህ» እሺ ማለት አይደለም።

ቁጥሩ

ሰዎቹ ሕመሙ የተነሳበትን ቀን በእጃቸው ባለ ማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ተራቸውን ሲጠብቁ የቆዩት በአማካይ በሰው በዓመት 23.9 ጊዜ አገርሽቶባቸዋል። ቀድመው የጀመሩት 19.4 ጊዜ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ። አንዱ «ይሄው ነው እንዴ?» ይላል። ከ24 ወደ 19! ዓመት ሙሉ አሳጥባችሁ፣ አስራችሁ፣ ጫማ አድላችሁ! እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበርሁ። ጥምርታው 0.81 ነው፤ 19 በመቶ ቀነሰ ማለት። የእርግጠኝነቱ ክልል ከ0.74 እስከ 0.89 ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቅናሽ ሲያንስ 11፣ ሲበዛ 26 በመቶ ሊሆን ይችላል። ክልሉ 1ን አይነካም፤ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት ይከብዳል። ግን ተአምር አይደለም።

ሁለተኛው አንባቢ 23.9ን ያያል። እኔን ያስደነገጠኝም ኋላ እሱ ነው። በዓመት 24 ጊዜ ማለት በየ15 ቀኑ ማለት ነው! ከአንድ ሚካኤል እስከ ቀጣዩ ሚካኤል ሁለቴ መተኛት።

አላመንሁም። እቴቴን ጠየቅኋት። «በዓመት አምስቴ ስድስቴ ይነሳብኛል» አለች። እንግዲያውስ እንቁጠር አልን። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ በተነሳባት ቁጥር በከሰል አንድ ጭረት እንድታደርግ ተስማማን። መስከረም ላይ ጀመርን። ለፋሲካ ስመጣ በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ፤ አሥራ አንድ ጭረት አለ። ሁለቱ ድርብ ናቸው። «እነዚህስ?» አልኋት። «እነዚህ የባሱት ናቸው፣ አንድ ሳምንት የተኛሁባቸው።» በሰባት ወር አሥራ አንድ። እሷ ደግሞ አምስት ስድስት ነው ስትል አልዋሸችም። የለመዱት ሕመም ከትዝታ ይጠፋል። ትንሹን ሕመም ሕመም ነው ብላ አትቆጥረውም ነበር። የአነደዱ ሙከራ ያለ ማስታወሻ በቃል ብቻ ተጠይቆ ቢሆን ምን ቁጥር ይወጣ እንደነበር አስቡት።

አሁን ተመልሰን ልዩነቱን እናስላ። 4.5 ጊዜ በሰው በዓመት። አንዱ ሦስት ቀን ብቻ ያስተኛል እንበል፣ አሳንሼ ነው። 13 ቀን ተኩል ይሆናል። ኅዳር ላይ ጤፍ ሲታጨድ 13 ቀን ያለው ገበሬና የሌለው ገበሬ አንድ አይደሉም። በ350ው ሰው ሲባዛ ወደ 1,575 ያልተነሳ ሕመም ነው፣ በአንድ ዓመት፣ በሳሙናና በፋሻ።

ፋሻው

ቃል ገብቻለሁ፣ ፋሻው ላይ ልምጣ።

ስትቆሙ ከልባችሁ እስከ እግራችሁ ጫፍ ያለው ደም እንደ ውሃ ዓምድ ነው። ከፍታው አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ታች ያለው ግፊት ወደ 77 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መለኪያ ነው) ይጨምራል። ያ ግፊት ፈሳሽ ከደም ሥር ወደ ሥጋ ይገፋል። ጤነኛ ሰው ላይ የሊምፍ ቦይ ይመልሰዋል። ቦዩ የተደፈነበት ሰው ላይ ይጠራቀማል። እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥ የሚመከረው ዓምዱን ለማሳጠር ነው። እቴቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ እግሯን መደብ ላይ ስትሰቅል ሰነፍ የምትመስለው ሰው ካለ፣ ፊዚክስ እየሠራች ነው በሉት።

ፋሻ ደግሞ ከውጭ ይገፋል። ስንት ይገፋል? የላፕላስ ሕግ ይነግረናል፤ ግፊቱ በፋሻው ውጥረትና በድርቡ ብዛት ይጨምራል፣ በእግሩ ውፍረትና በፋሻው ስፋት ይቀንሳል። ይህ ማለት በተመሳሳይ ጉልበት ብታስሩት ቀጭኑ ቦታ ላይ ይበረታል። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያው 24 ሳንቲሜትር፣ ባቱ 36 ቢሆን፣ ከታች 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የገፋ ፋሻ ከላይ የሚገፋው 20 ነው። ከታች ጠንካራ፣ ከላይ ለስላሳ። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ላይ እንዲሄድ። ተፈጥሮ ራሷ ልኩን ታበጅልናለች።

ጤነኛ እግር ላይ ነው ታዲያ። የዝሆኔ እግር ቁርጭምጭሚቱ ይጠፋል። ከታች 38፣ ከላይ 36 ይሆናል። ያኔ ሕጉ ይገለበጣል፤ ከላይ ይበልጥ የሚገፋ ፋሻ ታስራላችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ እጥፋቶቹ ውስጥ ይገባና ይቆርጣል። ስለዚህ እጥፋቱን በጥጥ ወይም በንጹሕ ጨርቅ መሙላት፣ ከታች ድርቡን መጨመር፣ ወደ ላይ ማላላት ያስፈልጋል። ይህን ለማሳየት ስልጠና ያስፈልጋል። ፋሻ አድሎ መሄድ አይበቃም።

እቴቴ ፋሻ ስታስር አይቻለሁ። ሳፋ ታመጣለች። ውሃውን ለብ ታደርገዋለች፣ በክርኗ ትሞክረዋለች፣ እንደ ሕፃን ገላ ውሃ። በረኪና በክዳን ለክታ ጠብ ታደርጋለች። ከዚያ ዝም ብላ ትነክራለች፣ ጸሎት እያደረገች። ቀጥሎ በሳሙና፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትለያቸዋለች፣ በመሃላቸው ቀጭን ጨርቅ እንደ መርፌ ክር ወዲያና ወዲህ ትስባለች። ስታደርቅም እንደዚያው። ቫዝሊን። ጥጥ። ፋሻ። ፋሻውን ስትጨርስ ጣቷን በጠርዙ አስገብታ ታያለች። ጣት ካልገባ ትፈታዋለች። ማንም ስለ ላፕላስ አልነገራትም።

የማይነግረን

አንደኛ ነገር ሙከራው ጭፍን (ተሳታፊው የትኛው ምድብ ውስጥ እንዳለ የማያውቅበት) አልነበረም። ሊሆንም አይችልም። ኪኒን ሲሆን ለግማሹ የውሸት ኪኒን ይሰጣል፤ የውሸት እግር መታጠብ ግን የለም። እግሩን የሚታጠብ ሰው እንደሚታጠብ ያውቃል። ደግሞ ማስታወሻውን የሚይዘው ራሱ ነው። ጫማና ሳሙና የሰጡትን ሰዎች ላለማሳዘን ቀላል የሆነችውን ቀን ሳይመዘግብ ቢቀርስ? ወይም ተራውን የሚጠብቀው ሰው ችግሩ እንዲታወቅለት ብሎ ቢያበዛስ? ሁለቱም ይቻላል። እኔ ውጤቱን አምነዋለሁ፤ ግን 19 በመቶውን እንደ ወርቅ ሚዛን አልቆጥረውም።

ሌላው ደግሞ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ነው የተሰጠው። የጠቀመው ሳሙናው ነው? ቅባቱ? ፋሻው? ጫማው? አይታወቅም። ለሐኪም ችግር የለውም፣ ሁሉንም ስጥ ይላል። ለእቴቴ ግን ችግር ነው፤ ወር ሲገባ ብር ሲያጥራት የቱን እንደምትተው ማንም ሊነግራት አይችልም። እስካሁን ስትተው ያየኋት ፋሻውን ነው። ሳሙናውን አትተውም።

ውሃውስ? ቀደም ያለው ልማድ በስድስት ሊትር ውሃ መንከር ነበር። በቀን ስድስት! ጀሪካኑ 20 ሊትር ነው፤ ምንጩ ዳገት ታች ነው። እግሯ ያበጠ ሴት እግሯን ለመታጠብ ውሃ ስትሸከም አስቡት። በ2017 የወጣ ሌላ ሙከራ ይህን አስቦበታል። ውሃውን ወደ አንድ ሊትር አውርደው ሁለት በመቶ ግሊሰሪን ጨመሩበት። ከዚያ ከቆዳ ላይ የሚተነው እርጥበት ምን ያህል እንደሆነ በመሣሪያ ለኩ። ጤነኛ ቆዳ እርጥበቱን ይይዛል፣ የተሰነጠቀው ያፈስሳል። በአንድ ሊትሩ የታጠቡት ቆዳቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ለእኔ ከሁሉም ጥናት ይህ ይበልጥብኛል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ አሰበ ማለት ነው።

ግሊሰሪን ከተማ ካለ ፋርማሲ ገዛሁላት። ትንሽ ጠርሙስ ናት። «ይቺ ናት?» አለች። በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፤ በእሷ ልክ የቡና ስኒዋን ሩብ ትንሽ አለፍ ያለ፣ እዚች ድረስ ብዬ ስኒው ላይ በጥፍሬ አሳየኋት። ስኒዋን ለብቻ አስቀመጠቻት። ቡና አይጠጣባትም።

ጫማው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ገበያ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ አይገባላትም። ሸራውም እንደዚያው። ደብረ ማርቆስ አንድ ጫማ ሰፊ አገኘንና እግሯን ካርቶን ላይ አስቆመው፣ በእርሳስ ዙሪያውን ሳለው። ሁለቱ እግሮች የሁለት ሰው ይመስላሉ። ግራው ጎን በጣም ወጣ ያለ ነው። ሰውየው ምንም አላለም፣ ለግራው ሰፊ ቆዳ ቆረጠ፣ ማሰሪያውን ረዘም አደረገው። እቴቴ ካርቶኑን ስጠኝ ብላ ወሰደችው። አሁን በሩ ጀርባ፣ ከጭረቶቹ አጠገብ ተሰክቷል።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ጤንነቴን ጠየቀች፣ ልጆቹን ጠየቀች፣ ዝናቡን ነገረችኝ። ከዚያ የደወለችበትን ነገረችኝ። ግራው ጫማ ሰፍቷታል። ጨርቅ ጠቅጥቃበት ነው የምትሄድ፣ ሰውየውን ደግሞ አጥብብልኝ ብትለው ገንዘብ ይጠይቃት እንደሆነ ልጠይቅላት ፈልጋለች። ካርቶኑን ይዛ እግሯን ብታቆምበት እርሳሱ ከእግሯ ውጭ በግልጽ ይታያል ወይ አልኋት።

«ትንሽ» አለች። «ጣት ታስገባለች።»